ፊልሙ ይታይ፣ ድምፁ ይጥፋ ላሉት ርዕሰ መምህር

ለተከበሩ አቶ ይትባረክ
የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤታችን ርዕሰ መምህር
ወልቂጤ

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ስኳሩ እንዴት ነው፣ ተሻለዎት? ባለቤትዎስ፣ ልጆችስ ደህና ናቸው? ሰሞኑን ከትምህርት ቤት ወደ ቤትዎ ሲመለሱ ዋናውን መንገድ ትተው በጀርባ በኩል እንደሚዞሩ ሰምቼ፣ የእግር ጉዞ ለጤና ደግ ነው ብዬ ከልቤ ተደስቻለሁ። ይህን ደብዳቤ በመጽሔት ላይ የምጽፍልዎ ድፍረት ኖሮኝ እንዳይመስልዎ፤ ቢሮዎ በመጣሁ ቁጥር ስብሰባ ላይ ነዎት ስለምባል ነው።

ነገሩን ላልሰሙ የቡታጅራና የአገና አንባቢዎቼ ስል ከሥሩ ልጀምር፤ የሚያውቁትን ስደግምብዎ ይታገሱኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በዞናችን የክልልነት ጥያቄ የተነሳ በከተማችን ሱቆች ተዘግተው የሰነበቱባቸው ቀናት ነበሩ። ከዚሁ የወጡ ወጣቶች ስለነዚያ ቀናት ዶክመንተሪ ፊልም ሠሩ። ነጋዴውን፣ ባጃጅ ነጂውን፣ የመንግሥት ሠራተኛውን፣ ይደረግ ያለውንም አይደረግ ያለውንም አናግረዋል። የትምህርት ቤትዎ የሚኒ ሚዲያ ክበብ ደግሞ ይህን ፊልም ዓርብ ከሰዓት በአዳራሽ እናሳይ፣ ከዚያም እንወያይበት ብሎ ፈቃድ ጠየቀ። የክበቡ ሰብሳቢ የአስራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዋ ሰልሚያ ናት፤ የቴሌቪዥን ጠጋኙ የከድሮ ልጅ። ከዚህ በኋላ የሆነውን ሁሉ የምዘረዝረው ለምስጋና ነው።

አንደኛ፣ ስለ ጥበብዎ አመሰግናለሁ። ሌላ ርዕሰ መምህር ቢሆን ወይ ይፈቅዳል፣ ወይ ይከለክላል። እርስዎ ግን ብከለክል የዞኑን ጥያቄ አፈነ ይሉኛል፣ ብፈቅድ ልጆቹን አነሳሳ ይሉኛል ብለው ሲጨነቁ ሰነበቱና፣ በትምህርት ዓለም ማንም ያላሰበውን መላ አገኙ፤ ፊልሙ ይታይ፣ ድምፁ ግን ይጥፋ። የስፒከሩን ገመድ በገዛ እጅዎ ነቅለው፣ ጠቅልለው ኮት ኪስዎ ውስጥ ከተው፣ ስብሰባ አለብኝ ብለው ወጡ። ከድሮ ይህን ሲሰማ፣ “እኔ ዕድሜ ልኬን ሰው ድምፁ ጠፋብኝ ብሎ ሲያመጣልኝ ነው የማውቀው፤ ድምፁን አጥፋልኝ ብሎ የመጣ ደንበኛ አላጋጠመኝም” አለ። ምን ያድርግ፣ የእርስዎን ያህል አርቆ አያስብም።

ሁለተኛ፣ የተማሪዎቻችን የፈጠራ ችሎታ እንዲወጣ መንገድ ስለከፈቱ አመሰግናለሁ። መቼም አዳራሽ ሙሉ ወጣት አፉ የሚንቀሳቀስ ሰው እያየ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ነጋዴው ብቅ ሲል ከኋላ ወንበር አንዱ ቀልደኛ፣ “ሱቄን የዘጋሁት ክትፎዬን ተረጋግቼ ልበላ ነው፤ ምን አገባችሁ!” አለለት። ባጃጅ ነጂው ሲመጣ ሌላው ተቀበለና፣ “ቤንዚን ጠፍቶ ነው እንጂ እስካሁን ክልል ደርሰን ነበር!” አለ። እውነቱን ልንገርዎ፣ ይህን ሲያወሩልኝ እኔም ስቄያለሁ።

ቀጥሎ የመጡት ግን የናዝራዊት አባት ነበሩ። ናዝራዊት የሰልሚያ ጓደኛ ናት፤ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ነው የሚቀመጡት። አባቷ ከሰሜን ለሥራ መጥተው እዚሁ ቤት የሠሩ የመንግሥት ሠራተኛ ናቸው። እሳቸው በስክሪኑ ላይ ከንፈራቸውን ሲያንቀሳቅሱ ከኋላ አንድ ድምፅ፣ “እናንተ ጉራጌዎች ከንግድ ሌላ ምን ታውቃላችሁ!” አለላቸው። ገሚሱ ሳቀ፤ ገሚሱ የምሩን ተሳደበ፤ ወንበር ተንኳኳ። ናዝራዊት ብድግ ብላ፣ “አባቴ እንደዚህ አላለም!” ብላ ጮኸች። “እሺ፣ ምን አለ? ንገሪና!” አሏት። ምን ትበል? እሷም አልሰማችም። እንባዋን እየጠረገች ወጣች።

እኔ ፊልሙን በከድሮ ሱቅ ውስጥ፣ በጥንቃቄ ከነድምፁ አይቼዋለሁ። አባቷ ያሉት እንዲህ ነው፤ “ሱቅ ሁሉ ሲዘጋ እቤቴ ምንም አልነበረም። ጎረቤቶቼ ናቸው በጓሮ በር ቆጮ ያቀበሉኝ። የጠየቁት ነገር ልክ ነው አይደለም የምል ሰው አይደለሁም። ልጄ ግን የተወለደችው እዚህ ነው፤ በማንኛውም መንገድ ቢያልቅ እዚህ ነን።” ይህንን ነው እንግዲህ ልጆቹ እንዳይሰሙ የጠበቁልን። ዛሬ ሁለቱ ልጆች አይነጋገሩም። ሰልሚያ ቤቷ ድረስ ብትሄድ፣ ናዝራዊት ተኝታለች ተብላ ተመለሰች።

ሦስተኛው ምስጋናዬ ትንሽ ያሳፍራል፤ ስለ ራስዎ ነው። በፊልሙ ውስጥ እርስዎም አሉ። ያኔ የሥነ ዜጋ መምህር ነበሩ፤ ለእነዚያ ወጣቶች ቃል መስጠትዎን በሥራ ብዛት ሳይረሱት አይቀሩም። አስቀድመው ቢያዩት ኖሮ ራስዎን ያገኙት ነበር። መልክዎ ብቅ ሲል አዳራሹ ባንድ አፍ ጮኸ፤ የኋላ ወንበሩም አላሳፈረ፤ “ክልል ያለ ተማሪ ማትሪክ አይቀመጥም!” ብሎ በእርስዎ ስም ተናገረ። ቃሉ ከትምህርት ቤት ግቢ በባጃጅ ወጣ። መናኸሪያ ሲደርስ ዛሬ በስብሰባ ላይ የተናገሩት ሆነ። ቡታጅራ የምትኖር እህቴ ደውላ ታስረዋል አለችኝ፤ እምድብር ሲደርስ ደግሞ ተሹመዋል። ሰኞ ዕለት ከበላይ ተደወለልዎ። እርስዎም አንድ እርምጃ መውሰድዎ እንዲታይልዎ፣ ያላሉትን ያናገረዎትን የኋላ ወንበር ትተው፣ ፈቃድ ጠይቃ ስትመራ የነበረችውን ሰልሚያን ጉዳዩ እስኪጣራ ከትምህርት አገዱ።

ማጣራቱ ይኸው እስከ ዛሬ አላለቀም። ሞዴል ፈተናው ግን እሷን ሳይጠብቅ አለፈ። ስሟ ለብሔራዊ ፈተና ከሚቀርቡት ጋር ይላክ እንደሆን አባቷ ቢጠይቅ፣ ይህ የሚታወቀው ከማጣራቱ በኋላ ነው ተባለ። ከድሮ በሰው ፊት አይከፋውም፤ በዚያን ቀን ግን አንድ ቴሌቪዥን ከፍቶ መልሶ ሲገጥም፣ ከፍቶ መልሶ ሲገጥም አየሁት።

አራተኛ፣ ሽማግሌዎችን በክብር ስለሸኙልን አመሰግናለሁ። ለልጅቱ ሊለምኑ የመጡትን አባቶች፣ ሽማግሌ በትምህርት ጉዳይ አይገባም ብለው መልሰዋቸዋል። አንዱ አባት ሲወጡ ያሉትን ሳልነግርዎ አልቀርም። በጉራጌ አባቶች የዳኝነት ሸንጎ፣ በጆካ፣ ዛፉ ሥር ስንት ከባድ ነገር፣ ደም የፈሰሰበት ነገር ሳይቀር ሲታይ ኖሯል፤ ተናጋሪው እስኪጨርስ ይደመጣል፣ ከዚያ ሌላው ይቀጥላል። “ከሳሽና ተከሳሽ ከንፈራቸውን ብቻ እያንቀሳቀሱ ይሟገቱ ያለ ዳኛ ግን ገና ዛሬ ሰማሁ” አሉ። ሌሎቹ ሊስቁ ፈልገው ነበር፤ አልሳቁም።

አቶ ይትባረክ፣ እስካሁን እንደ ልማዴ እየቀለድኩ መጣሁ፤ ከዚህ በኋላ ግን አልችልም። መፍራትዎን አልነቅፍም። እኔም እፈራለሁ። አዳራሽዎ ውስጥ የተቀመጡት የአንድ ቤት ልጆች አይደሉም። በዚያን ሰሞን የተጎዳ ሰው ያለበት ቤት ልጅ አለ፤ በሥራው የተነሳ ሁሉም የሚጠራጠረው ሰው ልጅ አለ፤ እቤቱ አንድ ነገር ብቻ ሲባል ሰምቶ ያደገ አለ። ፊልም ደግሞ ክብሪት ሊሆን ይችላል። ይህንን የማይፈራ መምህር ልጄን ባያስተምርልኝ እመርጣለሁ። ግን የሚፈራ ሰው ፊልሙን አስቀድሞ ያየዋል፤ ከልጆቹ ጋር ይቀመጣል፤ የሚያስቆጣው ቦታ ሲደርስ አቁሞ ያነጋግራቸዋል። እርስዎ ከፍርሃትዎ ጋር ልጆቹን ብቻቸውን አዳራሽ ውስጥ ጥለዋቸው ሄዱ። ድምፁን አጥፍተው የሸሹት ነገር ያለ ድምፅ መጣ፤ ከፍቶም መጣ።

እርስዎ በፊልሙ ላይ በእውነት ያሉትንም ሰምቻለሁ። “ልጆቹ የሚጠይቁኝን መልሱን እኔም አላውቀውም። እኔ ክፍል ውስጥ ካልጠየቁኝ ግን መንገድ ላይ ይጠይቁታል፤ መንገድ ላይ የሚመልስላቸው ደግሞ መምህር አይደለም።” ምን ያለ ጥሩ አስተማሪ ነበሩ! በከተማው ሙሉ ስምዎን ሊያጠራ የሚችለው ይህ ንግግር ብቻ ነው፤ እሱንም ያጠፉት እርስዎ ነዎት።

ስለዚህ በታላቅ ትሕትና የምለምንዎ ይህ ነው። ሰልሚያን ነገ ወደ ክፍሏ ይመልሷት፤ ስሟንም ከጓደኞቿ ስም ጋር ይላኩላት። ከዚያ በሚመቸው ዓርብ ፊልሙን ከነድምፁ ያሳዩ፤ የናዝራዊትን አባት ከፊት ያስቀምጡ፤ እርስዎም ከጎናቸው ይቀመጡ። የሚከፋው ይክፋው፤ የሚጠይቅ ይጠይቅ፤ መልሱን ካላወቁት እንደ ድሮዎ አላውቀውም ይበሉ።

ለቤተሰብዎ ጤና፣ ለስብሰባዎችዎም ፍጻሜ እየተመኘሁ፣ ስምዎ በተነሳበት ሁሉ እሳቸው እንደዚህ አላሉም እያልኩ የምከራከርልዎ፣ የሚያምነኝም ያጣሁ፣

አክባሪዎ
መንበረ፣ ከወልቂጤ

በድጋሚ፦ ፊልሙ ሙሉውን፣ ከነድምፁ፣ ሰልሚያ ስልክ ላይ አለ። የክፍል ጓደኞቿ በቴሌግራም ልቀቂው፣ አንቺም ነፃ ትወጫለሽ፣ እሳቸውም ይወጣሉ እያሉ ሲወተውቷት ከርመዋል። እኔም ለምኛታለሁ። “ቲቸር ሳይፈቅዱማ እንዴት ይሆናል?” አለችኝ። በዚህ ከተማ የእርስዎን ፈቃድ የምትጠብቅ የቀረችው አንድ ተማሪ፣ ያገዷት እሷ ናት።