በጠመኔ የተከበቡ እግሮች

ውድ ቱንቢ፣

ሠራተኞችህ ባወጡልህ ስም የጠራሁህ ላሽሟጥጥህ ብዬ አይደለም። ማሽሟጠጥ ከተውኩ ስምንት ወር አለፈኝ። «ውድ ባለቤቴ» ብዬ ጀምሬ ሁለት ወረቀት ቀደድኩ፤ የማላውቀው ሰው መሰልክብኝ። ጫፉ ላይ ብረት የተንጠለጠለበት ያ ክርህ ግድግዳህን ሲለካ አንድ ቀን እንኳ አሳፍሮህ ስለማያውቅ ነበር ግንበኞቹ ሁሉ ቱንቢ ያሉህ። እኔም በዚያው ልጥራህ።

የምጽፍልህ ልጃችንን በተመለከተ ነው። አንተን የገደለህ የሷ ሻንጣ ይመስላት ነበር። እኔ ሻንጣው እንዳልሆነ እያወቅኩ ዝም አልኩ። ከሦስት ሳምንት በፊት ግን ነገርኳት፤ አንተ ያልከውን ያፈረስኩት እኔ ስለሆንኩ ለአንተም መንገር አለብኝ።

ከመጀመሪያው ልጀምር። ሥራ ያቆምክ ሰሞን እንቅልፍ ጠላህ። ደረቴን ጨነቀኝ እያልክ ትነሳለህ፣ ትቀመጣለህ። ቀጥሎ አረማመድህ ተበላሸ። ሦስተኛ ፎቅ ርብራብ ላይ በአንዲት ጣውላ እየሄድክ ሲጋራ የምትለኩስ ሰውዬ፣ ከመኝታ ቤት ወደ ሳሎን ለመሻገር የልብስ ስፌት መኪናዬን መደገፍ ጀመርክ። ሐኪሙ መድኃኒት ይሰጥሃል ብለን ስንጠብቅ ወደ ፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ላከን፤ ወደዚያች እጇ ቀዝቃዛ፣ ድምፅዋ ቀስ ያለ ልጅ።

ትዝ ይልሃል መቼም። ከወንበር ኋላ ቆመህ መደገፊያውን ትይዝና አንድ እግርህን አንስተህ ትቆጥራለህ። ቀጥሎ ተረከዝህን ከሌላው እግርህ ጣት ጋር እያገጣጠምክ በመስመር ላይ ትሄዳለህ። መጨረሻ ላይ እየተነፈስክ እጆችህን ቀስ አድርገህ ታነሳለህ፣ እያስወጣህ ታወርዳለህ። «ይቺኛዋ ለጭንቀትዎ ናት አባባ፤ ትንፋሹን አያጣድፉት» አለችህ። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ «እማማ፣ ሲሠሩ አጠገባቸው ይቁሙ። አይያዟቸው፤ ከያዟቸው እግራቸው መቆም አይማርም። ግን ብቻቸውን አይሁኑ» አለችኝ። እሺ አልኳት። እሺ ስላት ልቤ እንዳያመልጠን የፈራሁት አውቶቡስ ላይ ነበር።

መጀመሪያ መጀመሪያ ቆሜልሃለሁ፤ ይቺን አትንፈገኝ። ጠርዙ ያልተሰፋ ቀሚስ በእጄ ይዤ አጠገብህ እቆም ነበር። ቁርጭምጭሚትህ እንደ አዲስ ተማሪ እጅ ይንቀጠቀጣል፤ አንተ ግን ከንፈርህን ነክሰህ ትቆጥራለህ። በሁለተኛው ሳምንት ሌሊቱን ሙሉ ተኛህ። አንኮራፋህ እንኳ። ሠላሳ ዓመት ስረግመው የኖርኩትን ማንኮራፋት ለካ ሳላውቅ ናፍቆኛል።

ከዚያ የተማሪ ዩኒፎርም ሥራ መጣና መኪናዬ ላይ ተቀመጥኩ። «ከዚሁ ሆኜ አይሃለሁ» አልኩህ። ማየቱንም አላየሁህም፤ ዓይኔ ክሩ ላይ ነበር።

አሁን ወደዚያ ቀን ልምጣ። እህቴና ባሏ የመጡ ቀን። ሻይ እየጠጣን ባሏ «ጤናህ እንዴት ነው?» ሲልህ አንተ አፍህን ሳትከፍት እኔ ተነሳሁ። ወንበር ያዝኩ፣ አንድ እግሬን አነሳሁ፣ አንገቴን አስግጌ ክንድና ክንዴን አርገበገብኩ። «ባሌ በስተርጅናው ሽመላ ሆኖልኛል፤ ክንፍ እስኪያወጣ እየጠበቅኩ ነው» አልኩ። እህቴ ሻይዋ ትን አላት። ባሏ፣ አንተ ሥር አሸዋ ሲነፋ ያደገው ሰውዬ፣ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። አንተም ሳቅክ። ከዚያ ማንም ሳያዝህ ብርጭቆዎቹን ሰብስበህ ወደ ማድቤት ገባህ፤ ለመመለስም ቆየህ።

በማግስቱ ወንበሩ ከጠረጴዛው አልተነሳም።

«ምነው ሽመላው?» አልኩህ።

«ተሻለኝ» አልከኝ።

አመንኩህ። ማመን ስለፈለግኩ አመንኩህ። የሚያደናቅፈኝ ወንበር ቦታው ስለተመለሰ ደስም ብሎኝ ነበር። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም የሚባለው እንደኔ ላለችው ነው፤ ማታውኑ ረስቼው ተኛሁ።

ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ ዕቃ ቤት መግባት አመጣህ። በሩን ትዘጋለህ። «መሣሪያዎቼን ላስተካክል» ትላለህ። ጡረታ የወጣ ሰው መሣሪያ ስንቴ ይስተካከላል ብዬ አልጠየቅኩም፤ ከእግሬ ሥር ከጠፋህ ምን ቸገረኝ። ሰማያዊው የልብስ ጠመኔዬ የጠፋ ጊዜ ልትለካ የመጣችውን ደንበኛዬን ጠርጥሬ ፊት ነሳኋት። አንተ አጠገቤ ቁጭ ብለህ ስትሰማኝ ነበር።

የወደቅክ ቀን ጠዋት ልጃችን ደወለች። ለሥልጠና ሌላ ከተማ ልትሄድ ነበር። «አባዬ ያቺን ትልቋን ሻንጣ ከመደርደሪያው ያውርድልኝ፣ ከሰዓት መጥቼ እወስዳታለሁ» አለች። እኔ ከመኪናዬ ሳልነሳ በተዘጋው በር ጮህኩብህ። «እሺ፣ ቆይ» አልክ። ቆየሁ። አንድ እጅጌ ሰፍቼ ሁለተኛውን ስጀምር አንድ ነገር ዱብ ሲል ሰማሁ።

በሩን ስከፍተው በጎንህ ተኝተህ ነበር፤ ባዶ እግርህን። ሻንጣው ላይኛው መደርደሪያ ላይ ከነአቧራው ተቀምጧል። ከጣሪያው ሚስማር ላይ ያ ቱንቢህ ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል። ወለሉ ላይ ሁለት እግሮች በሰማያዊ ጠመኔ ተከበዋል፤ ከነሱ ፊት እስከ ግድግዳው ቀጥ ያለ መስመር ተሰምሯል። ማንም አላስረዳኝም። ራስህን እንደ ግድግዳ በቱንቢ እየለካህ፣ ያለ ወንበር፣ ያለ እኔ ስትሠራ እንደኖርክ እዚያው በሩ ላይ ገባኝ። እንደገባኝም አየኸኝ። እና ገና ሳልጠይቅህ፣ «ሻንጣ ላወርድ ስል ነው» አልክ።

ለሐኪሙም እንደዚያው አልከው። ልጃችን እያለከለከች ስትመጣ ለሷም ደገምክላት። እኔን ከሐፍረት ልትከልለኝ ፈልገህ ነው፤ አውቃለሁ። ግን ቱንቢዬ፣ ዕድሜህን ሙሉ አንድ ግድግዳ አላዘመምክም፤ ያን ቀን ያቆምከው እሷ ላይ ወደቀ። አንተ የተሰበረው ዳሌህ አሰቃይቶህ ዓይንህን ጨፍነህ ስለነበር ፊቷን አላየኸውም። እኔ አይቼዋለሁ።

ከአልጋ ሳትነሳ ከሃያ ቀን በኋላ ሞትክ። ለቅሶ ሊደርሱ የመጡት ሁሉ «እንዴት ሆነ?» ይላሉ። እኔ መልስ ስፈልግ እሷ ትቀድመኛለች። «በኔ ሻንጣ ነው» ትላለች። ስንት ጊዜ እንዳለች አልቆጠርኩም። ጎኗ ተቀምጬ ነጠላዬን እያስተካከልኩ እሰማት ነበር።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። የኔው ግን ባደረ ቁጥር ባሰበት። ሥልጠናውን ተወችው። ቤት ስትመጣ ጀርባዋን ለዕቃ ቤቱ በር ሰጥታ ትቀመጣለች። ከሳች። ያንን ግራጫ የሥራ ቀሚሷን አጥብቢልኝ አለችኝ፤ አጠበብኩላት። በሦስተኛው ወር እንደገና አጠበብኩላት። የልጄ ወገብ በእጄ ሜትር ውስጥ ሲያንስ እየለካሁ፣ ምክንያቱንም እያወቅኩ፣ ዝም ብዬ ሰፋሁ። ምን ዓይነት እናት ናት አትበለኝ፤ እኔው ስለው ነው የኖርኩት።

በስምንተኛው ወር ለሦስተኛ ጊዜ ይዛው መጣች። መስተዋቱ ፊት አቁሜያት ጎንና ጎኑን በስፒል እይዛለሁ።

«እማ፣ ትንሽ ጥብቅ አድርጊው፤ አሁንም ይወርዳል» አለችኝ።

አፌ ስፒል ሞልቶት ነበር። አንድ በአንድ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኳቸው። ከዚያ እጇን ይዤ ዕቃ ቤቱን ከፈትኩት። ወለሉን ስጠርግ ዙሪያ ዙሪያውን ስለሆነ ጠመኔው አልጠፋም።

«ይሄ ምንድነው?»

«የአባትሽ እግር ነው» አልኳትና ሁሉንም ነገርኳት። ሽመላውንም፣ እሺ ያልኳትን ባለሙያም፣ የቆምኩትንም ያልቆምኩትንም።

«ሻንጣዬስ?»

«አልነካውም። ተመልከቺው።»

ተንጠራርታ ሻንጣው ላይ ጣቷን አስኬደች። አቧራው ጣቷ ላይ ቀረ። እሱን እያየች፣ «ስምንት ወር፣ እማ» አለች።

«ስምንት ወር።»

«በኔ ነው ስል አጠገቤ ቁጭ ብለሽ ትሰሚኝ ነበር።»

«አዎ።»

ብታለቅስ፣ ብትሰድበኝ እችለው ነበር። ቦርሳዋን አንስታ ወጣች፤ ቀሚሱን ከነስፒሉ እንደለበሰች። እየወጋት ነው የሄደችው።

ከዚያ በኋላ ስልኬን አላነሳችም። እኔም እንቅልፍ ጠላኝ፤ ያ ደረቴን የምትለው ነገር ምን እንደሆነ አሁን አወቅኩት። አንድ ጠዋት ደረጃው ላይ እግሬ ከዳኝና የመደገፊያውን ብረት ይዤ ተርፌያለሁ። ሌላ የት እሄዳለሁ፣ ዕቃ ቤት ገባሁ። ጫማዬን አውልቄ ምልክትህ ላይ ቆምኩ፤ እግሬ ውስጡ ጠፋ። መደርደሪያውን ይዤ አንዱን እግሬን አነሳሁ። ሦስት ላይ ወደቀ። እንዲህ ከባድ ነው እንዴ? እኔ የሳቅኩት በዚህ ነው?

ከግድግዳው ላይ በእርሳስ የጻፍካቸውን ቁጥሮች ያየሁት ያኔ ነው። ስድስት። ዘጠኝ። ዘጠኝ። አሥራ አንድ። የመጨረሻው አሥራ ዘጠኝ ይላል። እየተሻለህ ነበር። «ተሻለኝ» ያልከኝ ውሸት ነው ስል ከርሜ፣ እዚያ ቆሜ አለቀስኩ።

ትናንት ጠዋት በዚያው ምልክት ላይ እንዳለሁ የውጭው በር በቁልፍ ተከፈተ። ልጃችን ናት። ቀሚሱን በማንጠልጠያ ይዛዋለች፤ ስፒሎቹ አልወጡም። ሰላም አላለችኝም። አንድ እግሬን አንስቼ ስወዛወዝ በሩ ላይ ቆማ አየችኝ። ከዚያ ገብታ አንድ ክንድ ያህል ርቃ ጎኔ ቆመች።

«አልይዝሽም» አለችኝ።

«አትያዢኝ» አልኳት።

ሰባት ላይ እግሬ ወረደ።

«በሌላኛው» አለች።

በሌላኛው አምስት ቆጠርኩ። ሻይ ላፍላልሽ ብላት አልፈልግም አለች። ቀሚሱን መኪናዬ ላይ ሰቅላ ወጣች። በሩን ከመዝጋቷ በፊት ግን ፊቷን ሳታዞር፣ «ነገ ብቻሽን እንዳትጀምሪ» አለችኝ።

ነገ ያለችው ዛሬ ነው። ይህን የምጽፍልህ ጫማዬን አውልቄ፣ ዕቃ ቤቱ በር ላይ ወንበር ስቤ ተቀምጬ ነው። ትናንት የመጣችበት ሰዓት ትንሽ አልፏል። ብትቀርም አልፈርድባትም። ግን አልጀምርም፤ እስክትመጣ እጠብቃታለሁ።

ሽመላ ብላ ያሳቀችብህ፣
ሚስትህ