በስምህ የመጡት ሦስት መልእክቶች

ሶዶ፣ ኅዳር 14 ቀን 2003 ዓ.ም.

ለቤቴ አባወራ፣

ሰላምታዬ ከሞያሌ ማዶ ድረስ ይድረስህ። ሳልህ ለቀቀህ? እዚያስ ብርዱ እንዴት ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ክረምቱ ከብዶ ነበር፣ የጓሮው እንሰት ግን ተርፏል። የእናትህን መቃብር ለመስቀል አሳጠርኩት። ድንጋዩ ላይ «ፈጠነች» የሚለው ጽሑፍ ደብዝዞ ስለነበር ቀለም አስቀባሁት። የእሳቸውን ስም ሳልፈራ የጻፍኩት ሙታንን ማንም መጥቶ ስለማይጠይቃቸው ነው።

አሁን ጉዳዬን ልጻፍ። በጥቅምት መጨረሻ ከአንተ የኢሜይል አድራሻ ሦስት መልእክቶች መጥተውልኛል። የጻፍካቸው አንተ ነህ? አንተ ካልሆንክ በስምህ የሚጽፍልኝ ሌላ ሰው አለ ማለት ነው፤ ያ ሰው የኢሜይልህን የምሥጢር ቃል ከየት አገኘው? መልስህን ይህን ደብዳቤ ላደረሰልህ ሰው በቃል ንገረው። በወረቀት አትጻፍ። ኢሜይሉንም አትክፈተው።

ከመጀመሪያው ልንገርህ፤ የት ላይ እንደተሳሳትኩ አንተ ታየዋለህ።

በሐምሌ መጨረሻ የምሠራበት ማሠልጠኛ ላይ መብረቅ ወረደ። ሰው አልነካም። በመስመሩ ገብቶ ግን የዲኑን ኮምፒዩተር አቃጠለው። መልእክትህን ተደብቄ የማነበው ዲኑ ምሳ ሲወጣ በዚያ ኮምፒዩተር ነበር። እሱ ላፕቶፕ ገዛ፣ ጠዋት ይዞት ይገባል፣ ማታ ይዞት ይወጣል። እኔ ግን መንገዱ ተዘጋብኝ። መናኸሪያው አጠገብ ያለው ኢንተርኔት ቤት የሚገባውን ሰው ሁሉ ስም፣ አድራሻና ሰዓት በመዝገብ ያሰፍራል። ታዘን ነው ይላሉ። እዚያ ስሜን ጽፌ ያንተን መልእክት መክፈት አልደፈርኩም።

አሁን በምሠራበት ቤተ መጻሕፍት ዕቃ ክፍል አንድ አሮጌ ኮምፒዩተር ተጥሎ ነበር። ዲኑን አስፈቀድኩት።

«ከሞተ ዕቃ ጋር ምን አደከመሽ?» አለኝ። «ካስነሣሽው የአንቺ ይሁን።»

እንዴት ቻልሽው እንደማትለኝ አውቃለሁ። ጠራጊ ሆኜ ስገባ ከማተሚያው ሥር የተጣለ ወረቀት እየሰበሰብኩ ስማር ያየኸኝ አንተ ነህ። አሁን ደግሞ አንድ ፈረንጅ በጎ ፈቃደኛ ሲሄድ ትቶት የሄደ ሽፋን የሌለው መጽሐፍና አንድ ሲዲ ነበረኝ። ሲዲው ሊኑክስ የሚባለው ሲስተም ነው፤ በነፃ የሚታደል፣ ደካማ ማሽን ላይም የሚሄድ። በቀን ሁለት ገጽ እያነበብኩ ጫንኩት። ተነሣ። የኔትወርኩ መሰኪያ ግን ተቃጥሎ ስለነበር አዲስ አበባ የሚመላለስ ነጋዴ ሌላ የኔትወርክ ካርድ አመጣልኝ፣ ከመዳፍ የምታንስ አረንጓዴ ሰሌዳ።

ሰካኋት፣ የማሠልጠኛውን የኢንተርኔት ኬብል ገጠምኩላት፣ መብራቷ በራ። ስክሪኑም «ተገናኝቷል» አለ። አንዲት ፊደል ግን አላለፈችም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ኬብሉን ስወቅስ ኖርኩ።

ኋላ እንደገባኝ ነገሩ እንዲህ ነው። ካርዷ ላይ ያለችው ጥቁር ቺፕ ቁጥሯ በ68 ያልቃል። ሲስተሙ ደግሞ 69 ናት ብሎ የ69ኟን ድራይቨር ይሰጣታል። ድራይቨር ማለት ሲስተሙ ከካርዱ ጋር የሚግባባበት ፕሮግራም ነው። ሁለቱ ስለሚቀራረቡ ይተዋወቃሉ፣ መብራት ይበራል፣ ግን ምንም አይነጋገሩም። ይህን ያወቅሁት ኢንተርኔት ቤት ገብቼ ነው። ምን ላድርግ? ኔትወርክ ለመክፈት የሚያስፈልገው ነገር ያለው እዚያው ኔትወርክ ላይ ነው። ስሜን አስጻፍኩ፤ ያንተን አድራሻ ሳልነካ የቺፗን ቁጥር ብቻ ፈለግሁ። አገሩን የማላውቀው ሰው መፍትሔውን ጽፎት አገኘሁ፤ የ69ኟን ድራይቨር እንዳይነሣ መከልከል፣ ትክክለኛውን ደግሞ እዚያው ማሽኑ ላይ መሥራት ነው ይላል። ተሰፍቶ ያለቀ ልብስ አይሰጡህም፤ ጨርቁን ሰጥተው ስፋው ነው። መርፌ ሳመጣ ክር ጎደለ አለኝ፤ ክር ሳመጣ መቀስ። ለእያንዳንዱ ፍላሼን ይዤ ኢንተርኔት ቤት ሄድኩ፣ ለእያንዳንዱ መዝገቡ ላይ አንድ መስመር ተጻፈ።

ፍርሃት ሰውን ጅል ያደርጋል። የማወርደው ሊገጥመው የሚገባውን የሲስተሙን የእትም ቁጥር በወረቀት መያዝ ፈራሁ። ነጥብና ቁጥር የሞላበት ወረቀት ከቦርሳዬ ቢገኝ ምን እላለሁ ብዬ በቃሌ ያዝኩት። መጨረሻው 21 ነበር። ኢንተርኔት ቤት ስደርስ 24 ነው ብዬ የእሱን አወረድኩ። ማሽኑ የኔ አይደለም ብሎ መለሰው። በዚያች ስሕተት ስሜ ለስድስተኛ ጊዜ መዝገብ ላይ ወጣ።

በስድስተኛው ቀን መዝገብ የምትይዘው ልጅ ሳቀችብኝ።

«እትዬ፣ ዛሬም ለዚያ ብረት ነው? እኔ እንዲህ የሚለፋልኝ ባል ባገኝ ምን ነበረበት!»

ልወጣ ስል ግን ጠጋ አለችኝ። «አንድ ሰውዬ መዝገቡን ሲያገላብጥ ነበር። የቤተ መጻሕፍቷ ሴትዮ የትኛዋ ናት? አለኝ። ጠይም ናት፣ ዝምተኛ ናት አልኩት። ሽማግሌ ሊልክብሽ መሰለኝ።»

«ባል አለኝ» አልኳት።

«እሱንም ጠይቆኛል» አለች። አሁን አልሳቀችም።

ያን ቀን ወደ ቤት የሄድኩት በገበያው ዙሪያ ነው። የዳጣ በርበሬ የምትሸጥ ሴት ፊት ቆሜ የማልገዛውን አሸተትኩ፤ ከኋላዬ የቆመ ሰው እንዳለ ለማየት። ማንም አልነበረም። የሌለ መሆኑም አላሳረፈኝም።

ተይው ትለኝ ነበር፣ አውቃለሁ። ግን አራት ወር ሊሞላ ነበር። በሕይወት መኖርህን እንኳ አላውቅም።

ባለፈው ዓርብ፣ ኅዳር 10፣ ከምሳ በፊት ተማሪዎቹ ፈተና ላይ ሳሉ ቁጭ ብዬ ሰፋሁት። ሥራው ሲጀመር በጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ ጽሑፍ እንደ ጎርፍ ይወርዳል። ዘበኛው መጥቶ ከኋላዬ ቆሞ ኖሯል።

«እትዬ! ይሄ ማነው እንዲህ በፍጥነት የሚጽፍልሽ?»

ስክሪኑን በትከሻዬ ከልዬ መለስኩለት። «ማንም አይደለም። ኮምፒዩተሩ ከራሱ ጋር ነው የሚያወራው።»

«እኛ ሰፈር ከራሱ ጋር የሚያወራ ሰው ጠበል ይወሰዳል» አለ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ «ብቻ መጋረጃውን ሳቢው። ከመንገድ ይታያል» ብሎኝ ሄደ።

መጋረጃውን ሳብኩ። የድሮውን ድራይቨር ከለከልኩ፣ አዲሱን አስነሣሁ። መብራቷ ጠፋች፣ ተመልሳ በራች፣ ከዚያ ዓይን እንደሚርገበገብ ብልጭ ብልጭ ማለት ጀመረች። አለፈ! የላክሁት ሁሉ እየደረሰ ይመለሳል። በነጠላዬ አፌን ያዝኩ። አጠገቤ ብትኖር ብዬ ተመኘሁ፤ ይህን ለማን ይነግሩታል?

መልእክቶችህን ከፈትኩ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የአንተ ነበሩ፣ የሐምሌና የነሐሴ። «ደህና ነኝ። ሳል ይዞኛል። ራስሽን ጠብቂ።» እንደ ወትሮህ፣ እንደ ቴሌግራም። ከነሐሴ 12 በኋላ ምንም የለም። ከዚያ በጥቅምት መጨረሻ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሦስት።

የመጀመሪያው «የኔ ፍቅር» ብሎ ይጀምራል። ድምፅሽ ናፈቀኝ ይላል፣ ያለ አንቺ ሌሊቱ አይነጋልኝም ይላል። በሃያ ሁለት ዓመት ትዳር ከአንተ ሰምቼው አላውቅም። እውነቱን ልንገርህ፣ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስደት ሰውን ይለውጣል፣ አንደበቱን ይፈታል ብዬ ራሴን አሳመንኩ። አንተ እንድትሆን ፈለግሁ። ሌሎቹን ሁለቱን ሳልከፍት መለስኩለት። ስሕተቴ ይኸው ነው፤ ንስሐ እንደምገባው ነው የምነግርህ። «እኔ ደህና ነኝ። ሳልህ ለቀቀህ?» ብቻ ነው የጻፍኩት።

ከዚያ ሁለተኛውን ከፈትኩ። በምርጫው ጊዜ ቤታችን እየመጡ ይበሉ የነበሩትን የሦስቱን ሰዎች ስም ከነአባታቸው ዘርዝሮ አሁን የት ናቸው፣ ይጠይቁሻል ወይ ይላል። ከቤት የወጣህባት ጠዋት፣ ጫማህን እያሰርክ፣ ከክርስትና ስም በቀር የሕያው ሰው ስም በጽሑፍ አንጠራም ብለን ተማምለናል። አምስት ዓመት ሙሉ የኔን ስም እንኳ ጽፈህ አታውቅም። ሦስተኛው ደግሞ ወደ ሞያሌ ነይ፣ የምትነሺበትን ቀንና የምትሳፈሪበትን አውቶቡስ ጻፊልኝ ይላል።

ይህን እያነበብኩ ሳለ ለጻፍኩት መልስ መጣ። ሰዓቱን አየሁት። አራት ደቂቃ! አንተ ሻይ ቤት ኮምፒዩተር ተበድረህ፣ ሁለት ሳምንት ቆይተህ የምትመልስ ሰው። «የት ሆነሽ ነው የምትጽፊው? አጠገብሽ ማን አለ?» ይላል።

ኬብሉን ነቀልኩት። ከነቀልኩት በኋላም ጽሑፉ ስክሪኑ ላይ እንዳለ ነው፤ ዓይን ዓይኔን ያየኛል። መጋረጃው መዘጋቱን ሦስት ጊዜ አየሁ።

ከዚያ የደከምኩበትን ሁሉ አፈረስኩ። አዲሱን ድራይቨር አጠፋሁ፣ የተከለከለውን የ69ኟን ፈቀድኩለት። አሁን ኬብሉ ቢሰካም መብራቷ ትበራለች፣ «ተገናኝቷል» ይላል፣ ምንም አያልፍም። ለዲኑ አልሆነልኝም አልኩት። «አላልኩሽም?» ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ትእዛዞቹን የጻፍኩበትን ደብተር እሑድ፣ በኅዳር ሚካኤል፣ ጎረቤቱ ሁሉ ቆሻሻ ሲያቃጥል አብሬ አቃጠልኩት። በዚያ ቀን ማንም የምን ጭስ ነው ብሎ አይጠይቅም።

አሁን የምልህን ስማኝ። እኔ ወደ ሞያሌ አልመጣም። በኔ ስም እየመጣች ነው፣ ተቀበላት የሚልህ ሰው ቢኖር አትመነው፤ በአንተ ስም ለኔ ከጻፈ በኔ ስም ለአንተ የማይጽፍበት ምክንያት የለም። የምታድርበትን ቤት ለውጥ። ሦስቱን ሰዎች በተመለከተ፣ ለሁለቱ በቤተሰብ በኩል አስነግሬያቸዋለሁ። ሦስተኛውን ሰው ላገኘው አልቻልኩም፣ ሚስቱም በሩን አልከፈተችልኝም።

ደግሞ ምናልባት የጻፍከው አንተው ከሆንክ፣ ብቸኝነት በርትቶብህ መሐላውን ረስተህ ከሆነ፣ እንዳታፍር። ተናደደች ብለህ እንዳትደብቀኝ። ያን ቢነግሩኝ እልል ብዬ ነው የምቀበለው። ስለ ሌሊቱ ያልከውንም አምንሃለሁ።

ደብዳቤውን የያዘውን ሰው ታውቀዋለህ። ለማንም እንዳይሰጥ፣ አብሬው አድራለሁ ለሚልም፣ ወንድሙ ነኝ ለሚልም፣ ለገዛ እጅህ ካልሆነ እንዳይሰጥ አስምዬዋለሁ። እጅህን ካላገኘ መልሶ ለኔ ያመጣዋል። ሦስት ሳምንት ይፈጅብኛል ብሏል። ነገ የነቢያት ጾም ይገባል፤ የምቆጥረው በእሱ ነው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የክርስትና ስምህን ለጸሎት ልሰጥ ወደ ቄሱ ቀረብኩ። የድሮው የነፍስ አባታችን አርፈዋል፣ እኚህ አዲስ ናቸው፣ አንተንም አያውቁህም። ስምህን በጆሯቸው ነገርኳቸው። ጎንበስ ብለው፣ «ከሕያዋን ጋር ላንሣው ወይስ ከሙታን?» አሉኝ።

«ከሕያዋን» አልኩ። ጮኼ ኖሮ ከፊት ያሉት ሴቶች ሁሉ ዞረው አዩኝ።

ቅዱስ ሚካኤል በክንፉ ይጋርድህ። እንቅልፍ ይስጥህ፣ ከክፉ ዓይንና ከጣፋጭ አንደበት ይሰውርህ። እጅህ ይህን ወረቀት ይዛ እንድትገኝ እለምናለሁ።

ሚስትህ፣
ወለተ ኪዳን