በማሞቂያው ሳጥን ውስጥ ስላለችው የልጄ ቁራጭ

ለሆስፒታሉ ዋና ሥራ አስኪያጅ፦

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው እያልኩ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ደረጃ ሲወጡ ጉልበትዎ እንዳይከዳዎ፣ እግርዎ እንዳያብጥ፣ ቢያብጥም ስልክዎን አንስቶ የሚሰማዎት ሰው እንዳያጡ ከልቤ እመኛለሁ።

የእናንተ የምሥራች የደረሰኝ ሰኞ ዕለት ረፋዱ ላይ ነው። የልጄን የሥራ ልብስ አጥቤ ሳሰጣ ስልኳ ጠራ። የደወለችው የቤተ ሙከራችሁ ሠራተኛ ነበረች፤ ደስ ባለው ድምፅ «እንኳን ደስ አለዎት እናቴ፣ የልጅዎ ልም አጥንት ከጠበቅነው በላይ አድጓል፣ ሐሙስ ጠዋት ምንም ሳትበላ ትምጣልን» አለችኝ። ልጄን ከቀበርኳት ሃያ ሦስት ቀን ሆኖኝ ነበር።

ይህን ደብዳቤ የሚያነብ ሌላ ሰው ግራ እንዳይገባው ነገሩን ላስረዳ። ልጄ ወለል ላይ ሴራሚክ የምታነጥፍ ባለሙያ ነበረች። ሰባት ዓመት ሙሉ ተንበርክካ ስለሠራች በቀኝ ጉልበቷ ውስጥ አጥንት ከአጥንት እንዳይፋተግ የሚጠብቀው ልም አጥንት ተበላ። ሐኪማችሁ እንደነገሩን ሕክምናው ሁለት ጊዜ ነው፤ መጀመሪያ በትንሽ ቀዳዳ ገብተው ከደህናው ልም አጥንት የሩዝ ፍሬ የምታህል ቁራጭ ይወስዳሉ፣ እሷን ቤተ ሙከራ ውስጥ አምስት ስድስት ሳምንት ያሳድጓታል፣ ከዚያ ጉልበቱን ከፍተው የተበላውን ቦታ ይጠግኑባታል። የመጀመሪያው ተሠራላት። ለሁለተኛው ልጄ አልደረሰችም።

ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ ቁራጯን ስለተንከባከባችሁልኝ አመሰግናለሁ። የምታድግበት የማሞቂያ ሳጥን ሙቀት በሰው ገላ ልክ ነው አሉኝ፤ ምግቧ በየሦስት ቀኑ ይቀየርላታል፣ ሙቀቱ ትንሽ ዝቅ ሲል ደወል ይጮኻል፣ ደወሉ ሲጮህም ሰው እየሮጠ ይመጣል። ልጄም ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በአምስተኛው ቀን ባቷ አብጦ ሁለት ጊዜ ደውላላችሁ ነበር። እንደ ሳጥኑ አልጮኸችም ይሆናል፣ የተሰጣት መልስ «ማበጥ ያለ ነው፣ በረዶ ያዢበት፣ ቀጠሮሽ ገና ነው» የሚል ነው። በአሥራ አንደኛው ቀን ደረቷን ይዛ ኩሽና ውስጥ ወደቀች። የድንገተኛ ክፍላችሁ ሐኪም ባቷ ላይ የረጋው ደም ወደ ሳንባዋ ሄዶ ነው አሉኝ። አንዲት እናት የሩዝ ፍሬ በምታህል ነገር መቅናቷ ነውር ከሆነ ይቅርታዎን እለምናለሁ፤ እኔ ግን ቀንቻለሁ።

ሁለተኛ፦ ስለ መዝገባችሁ ጥራት አመሰግናለሁ። ምድር ቤት ያለው የድንገተኛ ክፍል መዝገባችሁ ልጄ ሞታለች ይላል፤ ሦስተኛ ፎቅ ያለው የቤተ ሙከራ መዝገባችሁ በሚገባ እያደገች ነው ይላል። ሁለቱም ላይ ያው ማኅተም አለ። በመሀላቸው ያለው ደረጃ ብቻ ነው፣ በሃያ ሦስት ቀን ግን አንድም ሰው በዚያ ደረጃ ይህን ወሬ ይዞ አልወጣም። አንዲት እናት ከሁለቱ የትኛውን መዝገብ ለማመን እንደምትመርጥ ለእርስዎ አይጠፋዎትም።

ሦስተኛው ምስጋና ሳይሆን ኑዛዜ ነው። ከሐዘኑ ይልቅ ቅናቱ አልተኛ ብሎኛል። የላይኛው ፎቅ ጎረቤቴ ልጅ በዚያው ሳምንት፣ በእኚያው ሐኪም እጅ፣ ያንኑ የመጀመሪያውን ሕክምና አግኝቶ ዛሬ ደረጃውን እያፏጨ ይወርዳል። እናቱ መጥታ ስትነግረኝ አፌ «እሰይ» አለ፣ ሆዴ ግን በሩን ዘጋባት። እሷ ደግ ሴት ናት፤ በቅናቴ አፍራለሁ፣ አልተወኝም እንጂ።

ከሁሉ የምቀናው ግን በቤተ ሙከራችሁ ሴት ነው። ሰኞ ዕለት የሆነውን ስነግራት ስልኩ ላይ አለቀሰች። ማክሰኞ ስሄድም ደንቡ አይፈቅድም እያለች ቁራጯን ከነትንሽ ሳህኗ በማይክሮስኮፑ አሳየችኝ፤ በዚህ እንዳትቀጧት አደራ። ከታች ቀጫጭን ነገሮች ተቃቅፈው ተኝተዋል። «በሕይወት አሉ?» ብዬ ጠየቅኳት፣ «አዎ እናቴ፣ ደህና ናቸው» አለችኝ። ያቺን ልጅ ዘጠኝ ወር የተሸከምኩ፣ ኩፍኝ ሲይዛት ስምንት ሌሊት ያልተኛሁ እኔ ነኝ፤ ጠዋት ጠዋት ጋዋን ለብሳ ደህና አደርሽ የምትላት ግን ሌላ ሴት ሆነች። እኔ ለአምስት ደቂቃ ያየኋትን እሷ አምስት ሳምንት አየቻት።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ባለቤቷ ልጄ ስለሞተች ቁራጯ በመጪው ዓርብ ከቆሻሻ ጋር ትቃጠላለች ተብያለሁ። ስጡኝና ከልጄ ጋር ልቅበራት ብዬ ብጠይቅ፣ የመዝገብ ክፍላችሁ ኃላፊ ከሰው የተወሰደ ነገር የሚመለሰው ባለቤቱ በአካል ቀርቦ ሲፈርም ብቻ ነው አሉኝ። ሞታለች ብላቸው «እሱን እናውቃለን እኮ፣ ለዚህ ነው የምናቃጥለው» አሉ። ለማቃጠል ሞታለች፣ ለመመለስ ግን መጥታ ትፈርም። እንዲህ ያለ ጥንቁቅ ሠራተኛ ስላለዎት እንኳን ደስ አለዎት። ደንቡ የግድ ከሆነም ኃላፊውን ቅጹን አስይዘው ይላኩልኝ፤ ያለችበትን እኔ አሳያቸዋለሁ፣ የሚፈርምላቸው ካገኙ ያስፈርሙ።

ካሳ አልጠየቅኩም፣ ሰው ይከሰስልኝም አላልኩም። የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ ከዓርብ በፊት ያቺን ትንሽ ሳህን በእጄ ስጡኝ። ከልጄ ላይ አንድም ነገር በባዕድ እጅ ሲቃጠል ማየት አልችልም።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣ ጊዜዎን ስለ ማባከኔ አስቀድሜ ይቅርታ እየጠየቅኩ፣

ቁራጯን ሳይሆን ሙሉዋን የወለድኩ እናት

ሳልረሳው፦ ከቀጠሮ ወረቀቱ ጋር አያይዛችሁ የላካችሁትን የእርካታ መጠይቅ ሞልቼ መልሻለሁ። «ሆስፒታላችንን ለቅርብ ዘመድዎ ይመክራሉ ወይ?» የሚለውን ብቻ ባዶ ትቼዋለሁ፤ የነበረችኝ የቅርብ ዘመድ እናንተ ጋ መጥታ ነበርና። ይህን ያነበባችሁ እናቶችና አባቶች፣ እህቶችና ወንድሞች ሁሉ ደግሞ፣ ሥራ አስኪያጁ ይመልሱልኝም አይመልሱልኝም፣ በየምታምኑበት ለልጄ አንድ ጊዜ ጸልዩላት። ስሟን ባትጠሩትም ፈጣሪ ያውቃታል፤ ነፍሷን እንዲያሳርፍልኝ ለምኑልኝ።