በቀዩ ክዳን ስር የነበረው ድንጋይ

ይድረስ ለእትዬ ዙበይዳ፣
ፓሌምባንግ።

አሰላሙ ዓለይኩም፤ ሰላምታዬ ባሕሩን ተሻግሮ ሳይረጥብ ይድረስሽ። እንደምን ሰነበትሽ? ወገብሽስ ተሻለው? ያ የስፌት መኪናሽ አሁንም እንደ ሽማግሌ ያስላል? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ጥርሴም ሙሉ ነው፤ ሊያወልቁልኝ የሚመኙ ጎረቤቶች ባይጠፉም። ከስድስተኛ ክፍል የቀረ እጅ ነውና በጽሕፈቴ አትሳቂ። ወይም ሳቂ፤ ሳቅሽ ናፍቆኛል።

እትዬ፣ ዛሬ ግን ለቀልድ አይደለም የምጽፍልሽ። የዛሬ ሁለት ዓመት የመውሊድ ዕለት ትሪያችን ላይ ድንጋይ ያደረግኩት እኔ ነኝ።

አባዬ በዚያ ወር ከቆርቆሮ ማቅለጫው ተቀንሶ ነበር። የተቀናሾቹን ስም ዝርዝር ያነበበው ደግሞ አለቃው ሐጂ መርዙኪ፣ ያውም የጁናይዲሽ አባት። አንቺም ወጥ ቤት ሆነሽ፣ «ማቅለጫው የሚደፋውን ጥቁር ድንጋይ ነበር እሱን ማብላት!» ብለሽ ጮኽሽ። ሰፈሩ ሁሉ ሰማ።

እኔ ግን ሐጂን አላሰብኩም፤ በአላህ ስም። ያሰብኩት አጎታችንን በክሪን ነው። ያ ሆዳም ከበሮ መቺ በየበዓሉ ከየቤቱ መስጊድ ከሚመጡት ትሪዎች መካከል የእኛን ቀይ ክዳን ከሩቅ ለይቶ ፊቱ ይጎለትና የአናናስ ዓሣ ወጥሽን ጥርግ ያደርገዋል። ትሪውን ወደ መስጊድ የምሸከመው እኔ፤ ወጡን ከአጥር ስር ደበቅኩና ከኪሴ ያንን የማቅለጫ ጥቁር ድንጋይ አውጥቼ ሳህኖቹን ሞላሁ። የበክሪን ፊት እያሰብኩ ብቻዬን እየሳቅኩ ሄድኩ።

ሽማግሌዎቹ ግን በክሪን፣ «አንተ ሰው፣ ዛሬ እንኳ ለእንግዳ ልቀቅ!» ብለው አስነሱትና ሐጂ መርዙኪን እዚያ አስቀመጡት። ለካ ከአባዬ ጋር ሊታረቅና ስለ አንቺና ስለ ጁናይዲ ጋብቻ ሊነጋገር ኖሯል የመጣው። ክዳኑን አነሳ። ድንጋዩን አየ። ክዳኑን ቀስ አድርጎ መለሰና፣ «መልሳችሁ ደርሶኛል» ብሎ ወጣ።

ምግቡን ያሰናዳሽው አንቺ፣ ያን ቃል የተናገርሽውም አንቺ። አባዬ አንድ ጥያቄ እንኳ ሳይጠይቅሽ ፊቱን አዞረብሽ። በክሪን ያልፈራው ልቤ አባዬን ፈራ። በሦስተኛው ቀን ወደ አክስታችን ልትሄጂ ጀልባ ላይ ስትወጪ ሻንጣሽን የተሸከምኩት እኔ ነኝ፤ ያኔም ዝም አልኩ።

ባለፈው ሳምንት ለመንገድ መሙያ ያንኑ ድንጋይ ስንጭን ዋልን። እማዬ እጇን ስላመማት ሸሚዜን ራሴ አጠብኩ። አንድ ሙሉ ሳሙና ጨረስኩ፤ የኪሱ ጥቁረት ግን አለቅም አለ። ያን ጊዜ የመውሊዱ ማግስት ጠዋት ትዝ አለኝ። የውሃ ጉድጓዱ ዳር ተቀምጠሽ የእኔን ሸሚዝ ለብቻው ነጥለሽ፣ ኪሱን ገልብጠሽ ስታሺው ነበር። እትዬ፣ ታውቂ ነበር። አውቀሽ ሄድሽ።

እርጥቡን ሸሚዝ እንደያዝኩ አባዬ ፊት ቆሜ ሁሉን ተናገርኩ። ይመታኛል ብዬ ነበር፤ ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። «እኔም ልጄን አልጠየቅኳት» ብቻ አለ። ከዚያ ሐጂ ዘንድ ሄድኩ። ሰማኝና፣ «ዘገየህ እኮ፣ አንተ ልጅ» አለኝ። ጁናይዲ ከረመዳን በኋላ አግብቷል። ይህንን ከሌላ ሰው እንዳትሰሚው ብዬ ነው የጻፍኩልሽ።

ይቅር በዪኝ ለማለት አፌ አይደፍርም። አባዬ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ የፓሌምባንግ ጀልባ በገባ ቁጥር፣ «ዓሣ ልገዛ» እያለ ወደብ ይወርዳል። እስካሁን አንድም ዓሣ ይዞ አልተመለሰም።

አክስታችንን ሩቃያን፣ ባለቤቷንና ያን ጉንጫም ልጃቸውን በብዙ ሰላም በዪልኝ። እማዬ ሁለት ጉንጭሽን ትስማለች። በክሪ እንኳ ወጥሽ ናፍቆታል፤ ሰላም ብሎሻል።

ታናሽ ወንድምሽ ሳፕሩዲን
ሙንቶክ፣ ኖቬምበር 20 ቀን 1987