አርማዎ የተለጠፈበት የዘር ጆንያ

ለማኅበረሰብ የመማሪያ አትክልት ቦታዎች ጽሕፈት ቤት
ለክቡር ኃላፊው

ክቡርነትዎ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ ያለኝን መልካም ምኞት እገልጻለሁ። ለወግ ያህል እንዳይመስልዎ፤ በእኛ ሰፈር ካለፈው ወር ወዲህ “እንዴት ነህ?” ያለ ሰው ቆም ብሎ መልሱን ይጠብቃል። እኔ የስፌት መኪና ጠጋኝ ነኝ። ከጽሕፈት ቤትዎ ጋር የሚያገናኘኝ፣ ታናሽ እህቴ በሰፈራችን የመማሪያ አትክልት ቦታ ስድስት ዓመት በአትክልተኝነት መሥራቷና እኔም በበሩ ሰሌዳ ላይ የሚለጠፈውን ወርኃዊ ዜናዎን ከመጀመሪያው ቁጥር ጀምሮ ሳላቋርጥ ማንበቤ ነው። ስለዚህ ምስጋናዬንና ጥቂት ቅሬታዎቼን በቅደም ተከተል እንዳቀርብ ይፈቀድልኝ።

1ኛ. በዚህ ወር ዜናዎ የፊት ገጽ ላይ “ከዘር እስከ ሳህን” የተባለው ትምህርት ሃያ ሦስት ነዋሪዎች በተገኙበት “በደማቅ ሁኔታ” መካሄዱን አንብቤ ረክቻለሁ። ከሃያ ሦስቱ ዘጠኙ በማግስቱ ሆስፒታል መግባታቸውና ከዘጠኙም አንዱ ወደ ቤቱ አለመመለሱ በቦታ ጥበት ምክንያት የቀረ ይመስለኛል። ያልተመለሰው የግቢው ጥበቃ ነው። ቲማቲሙ ደረሰ ወይ ብሎ ለጠየቀው ሁሉ “ይደርሳል” የሚል መልስ ስለሚሰጥ ጋሼ ይደርሳል እንለው ነበር። ፎቶግራፉን ስላወጡልን ግን ከልብ አመሰግናለሁ፤ በቀኝ ጠርዝ ሳህን ይዞ የሚስቀው እሱ ነው። ከሥሩ “ተሳታፊዎች የምርቱን ጣዕም ሲያደንቁ” የሚል ጽሑፍ አለ። ባለቤቱ ሌላ የቅርብ ጊዜ ፎቶግራፍ ስላልነበራት ይህንኑ ቆርጣ ግድግዳ ላይ ሰቅላዋለች፤ ጽሑፉን በመቀስ አስቀርታዋለች።

2ኛ. “ምርቱ” የሚለው ቃል ትንሽ እርማት ይፈልጋል። ምርት አልነበረም። ይቀጠላል የተባለው የውኃ ቧንቧ ሳይቀጠል ሁለት ወር አልፎ የዘራነው ቦሎቄ ደርቋል፤ የትምህርቱ ቀን ግን ተቆርጦ፣ እንግዶችም ተጠርተው ነበር። የላኩልን የፕሮግራም ባለሙያ መላ አላጡም፤ ከዘር የተረፈው ግማሽ ጆንያ ይቀቀል አሉ። እህቴ “ኧረ ይሄ ነገር ቀይ ነው፣ ሽታውም ደስ አይልም” ስትላቸው፣ “ቀለሙ የዝርያው ነው። አንቺ መዝራትሽን ዝሪ፣ ማስተማሩን ለእኛ ተዪልን” ብለዋታል። እሷም ሦስት ጊዜ አጠበችው። ውኃው ሦስቴም ቀላ።

3ኛ. ዘሩ በፀረ ተባይ መድኃኒት የተለወሰ ነበር። እንዲህ ያለ ዘር ማስጠንቀቂያ ሳይታተምበት ከፋብሪካ እንደማይወጣ፣ ማንበብ ለማይችል ሰውም የራስ ቅል እንደሚሣልበት የነገረኝ አንድ ዘር ነጋዴ ነው፤ እኛ አላየነውም። ያላየነው በመመሪያዎ ምክንያት ነው፤ ጽሕፈት ቤቱ በሚያድለው ዕቃ ሁሉ ላይ አርማው “ከሁሉ ይበልጥ በሚታየው ቦታ” እንዲለጠፍ ያዝዛልና። ፋብሪካውም ማስጠንቀቂያውን የሚያትመው ከሁሉ ይበልጥ በሚታየው ቦታ ነው። ሁለት የሚጨባበጡ እጆችና በመካከላቸው አንድ ችግኝ ያለበት ውብ አርማ ነው፤ ስፋቱም የራስ ቅሉን ከነጥርሱ ለመሸፈን ይበቃል።

4ኛ. እህቴ “የጆንያውን መለያ ሳታነብ ዘሩን ለምግብ በማዋል” ተከሳ ከሥራ ታግዳለች፤ ሰኞ ጠዋት ከዲሲፕሊን ኮሚቴው ፊት ትቀርባለች። ስለ ክሱ አመሰግናለሁ፤ የሚነበብ ነገር እንደነበረ ጽሕፈት ቤትዎ በጽሑፍ ያመነው በእሱ ነው። ጆንያው ለማስረጃ ይቅረብልን ብለን ስንጠይቅ የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊዎ “በመመሪያው መሠረት ተቃጥሏል” አሉን። ለፍጥነታቸው አድናቆቴ ይድረሳቸው፤ ቧንቧው የተሰጠው ለእሳቸው ቢሆን ኖሮ ቦሎቄያችን አይደርቅም ነበር።

እሷ ስለ ክሱ አታወራም። የምታወራው ስለ ጭልፋው ነው። ጋሼ ይደርሳል የመጀመሪያውን ጨርሶ ሳህኑን ዘረጋላትና “ልጄ፣ የዛሬው እንኳ ደርሷል፤ እስቲ ጨምሪበት” አላት። ጨመረችለት። ይህን በክሱ ላይ አልጻፋችሁባትም፤ ስለማታውቁት ነው። እሷ ግን እኔ ቤት ከመጣች ጀምሮ ማንኪያም ጭልፋም በእጇ አልነካችም፤ ባለቤቴ ናት ሳህኗ ላይ የምታወጣላት።

5ኛ. በሚቀጥለው ወር የትምህርት መርሐ ግብር ላይ “የምግብ ደኅንነት መሠረቶች” የሚል ሥልጠና እንዳለና አሠልጣኙም እኚያው የፕሮግራም ባለሙያ መሆናቸውን አይቻለሁ። ልምድ ያለው ሰው መመደባችሁ ያስመሰግናል።

ክቡርነትዎ ለዜና፣ ለአርማና ለመመሪያ ከሚያውሉት ውድ ጊዜ ላይ ይህን ያህል ስለተሻማሁ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ሰኞ በኮሚቴው ስብሰባ ላይ በአካል እንደሚገኙልን ያለኝን የጸና ተስፋ በትሕትና እገልጻለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
የተከሳሿ አትክልተኛ ወንድም፣
የስምንት ሕሙማን ጎረቤት፣
ከሟቹም ቀባሪዎች አንዱ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ዜናዎ “ከዘር እስከ ሳህን” በሚቀጥለው ቅዳሜ በሌላው አትክልት ቦታችሁ እንደሚካሄድ ስላበሠረ ትናንት በሁለት አውቶቡስ ወደዚያ ሄጄ ነበር። ለእነሱ የታደለውን ጆንያ፣ አርማው እንደተለጠፈበት፣ ከምድጃው አጠገብ ቆሞ አገኘሁት። የዚያው አትክልተኛ አርማውን በሞቀ ውኃ አርሳ ላጠችው፤ ከሥሩ የነበረውን አንድ ጊዜ ጮክ ብላ፣ ሁለተኛ ለራሷ አነበበችና ጆንያውን ከነዘሩ አሸከመችኝ። ዘሩ የታደለባቸው ሌሎች ሦስት ቦታዎች አሉ፤ የእነሱን መላጥ ለክቡርነትዎ እተዋለሁ። አርማው የጽሕፈት ቤቱ ንብረት ስለሆነ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤ መልሻለሁ። ጆንያው ሰኞ ከእህቴ ጋር ይቀርባል።