በከሰዓት የተነገረ መርዶ

ውድ ጋሼ ኢስሐቅ፣

ዋናውን ነገር አስቀድማለሁ፤ የጋዜጣ ልማዴ ነው። ልጅዎ እድላዊት የእርስዎን ሞት የሰማችው ከእኔ አፍ ነው፤ ባረፉበት ዕለት፣ ከአውሮፕላን እንደወረደች። አላታለልናትም። አደራዎ ደርሷል።

የቀረው ዝርዝር ነው። ዝርዝር ይወዱ ስለነበር እጽፍልዎታለሁ። ሙት ደብዳቤ አያነብም ብለው እንደሚስቁብኝ አውቃለሁ፤ እኔም ያነቡታል ብዬ አይደለም። ግን ከተማሪነቴ ጀምሮ የመጣልኝን ሐሳብ ሁሉ የምፈትነው ለእርስዎ በመንገር ነበር፤ ይህንንም ሳልነግርዎ ልተወው አልቻልኩም።

አደራውን የሰጡኝ ቦሌ መንገድ ላይ፣ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ዘወትር በምንቀመጥበት ካፌ በረንዳ ላይ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምሩንም ሆነ እዚያ በረንዳ ላይ፣ ወሬዎ ዞሮ ዞሮ የመነጽር መስታወት እየሞረደ ይተዳደር ወደነበረው የሆላንድ ፈላስፋ ይደርስ ነበር። እሱ ጋ ሲደርሱ ድምፅዎ ይለወጣል። እግዚአብሔር ከዓለም ውጭ በዙፋን ተቀምጦ የሚቆጣና የሚታረቅ ንጉሥ አይደለም፤ ያለው ሁሉ ያለው በእሱ ውስጥ ነው፤ ያለ ምክንያት የሚሆን ነገርም የለም። ይህን በማለቱ የገዛ ወገኖቹ ረግመው አባረሩት። ሰው ነጻ ነኝ የሚለው የሚገፋውን ነገር ስለማያውቅ ነው የሚለውንም ሲያስረዱን የሰጡንን ምሳሌ አልረሳሁትም። ሚኒባስ ታክሲ አደባባይ ላይ ሲጠመዘዝ ተሳፋሪው ሁሉ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። ከመካከላቸው አንዱ «እኔ እንኳ ፈልጌ ነው የተጠጋኋት» ቢል ይሳቅበታል።

«ስንቆጣም፣ ስንፈራም፣ ስናፈቅርም እንደዚያ ሰውዬ ነን» አሉን። «ነጻነት ማለት አለማዘንበል አይደለም። ታክሲው መታጠፉን ማወቅ ነው።»

የአደራው ዕለት ግን ወሬውን የጀመሩት ከፈላስፋው አልነበረም፤ ከባለቤትዎ ከእትዬ ብሩክታይት ነበር። እሷ ስትሞት እድላዊት ሐዋሳ ትማር ነበር። እናትሽን ትንሽ አሟታል ተብላ ተጠራች። ስትደርስ እናትሽ ሆስፒታል ናት፣ ነገ ትጠይቂያታለሽ አሏትና እህትዎ እትዬ ገንዘቤ ቤት፣ ሰሚት ወሰዷት። ራት ቀረበ። ልጅቱ ከመንገድ የገባች ናት፣ ርቧታል፤ ጠግባ በላች። አብራት ስለምታድረው ተማሪ ኩርፊያ እያስመሰለች አወራች፤ ሰው ሁሉ ሳቀላት። ሊነጋጋ ሲል ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሰዎች ያለችበት ክፍል ገቡ።

«እኔም ከሳቁት አንዱ ነበርኩ» አሉኝ። «አጉርሻታለሁ ደግሞ። በአእምሮው የሚመራ ሰው አያታልልም እያልኩ ስንቱን ተማሪ ያሳለፍኩ ሰው!»

ለምን እንዳልነገሯት ጠየቅኩዎ። ሰው ሁሉ ወደዚያ ሲያዘነብል እኔም አዘነበልኩ አሉኝ። ከዓመታት በኋላ ነው እድላዊት፣ ልብስ እያጣጠፈች፣ ሳትቆጣ፣ «የእናቴ ሞት የእግዚአብሔር ነው፤ ያ ራት ግን የእናንተ ነው» ያለችዎ። ይህን ከነገሩኝ በኋላ ክንዴን ያዙኝ።

«እኔ ስሞት አንተ ንገራት። በዚያው ሰዓት። ገንዘቤ እንዳታሸንፍህ።»

እሺ አልኩ። እትዬ ገንዘቤን ማሸነፍ የሚቻል አስመስለው መናገርዎ ግን ያስቀኛል። እርስዎ ራስዎ መች አሸንፈዋት ያውቃሉ? በበዓል ቀን እቤትዎ ስመጣ የምሰማው ክርክር ሁልጊዜ አንድ ነበር።

«አንተ እኮ እግዚአብሔርን ጆሮ ነሳኸው» ትልዎታለች። «እኔ የምጸልየው ለሚሰማኝ ነው።»

«ያለው ሁሉ በእሱ ውስጥ ካለ፣ ያንቺም ጆሮ የእሱ ነው።»

«የእኔማ ከደነቆረ ቆየ፤ ሌላ ፈልግለት።»

እርስዎ ይስቃሉ፤ ክርክሩም እዚያ ላይ ያበቃል።

ያረፉት ጠዋት ነው፤ ልብዎ ነው ተባለ። ገርጂ እቤትዎ ስደርስ ገና ጎረቤት እንኳ አልሞላም ነበር። በረንዳው ላይ ቆሜ ስልኬን አወጣሁና የእድላዊትን ስም ፈለግሁ። ዱባይ ሆቴል ውስጥ ለበረራ እየተዘጋጀች ነበር። «በዚያው ሰዓት» ብለውኛል። ጣቴ ስሟ ላይ ደረሰ፤ ግን አልደወልኩም። ስልኩን ኪሴ ከትቼ ገባሁ።

እኩለ ቀን ሳይሆን ሳሎኑ ሞላ። እትዬ ገንዘቤ ዕንባዋን ሳትጠርግ ሥራ ታዝዛለች። ፌስቡክ ላይ ማንም ምንም እንዳይጽፍ፣ እድላዊት መርዶ ሳትረዳ ድንኳን እንዳይተከል፣ ለሥራ ባልደረቦቿም እንዲነገርና አፋቸውን እንዲጠብቁ አዘዘች። ቀብሩ ለማግስቱ ከሰዓት ተቆረጠ። እድላዊት ከሰዓት ስትገባ ገርጂ መብራት የለም ተብላ ሰሚት ትወሰዳለች፤ እዚያ ትበላለች፣ ትተኛለች፤ ሲነጋጋ ይነገራታል። «ተካልኝ ይቀበላታል፤ እሱን ታምነዋለች» አለች።

ከዚያ ሁሉ ሰው አንድም ያላስተዋለው ነገር ነበር። እድላዊት ሆስተስ ናት። ቦሌ ለእሷ መሥሪያ ቤቷ ነው፤ ማንም ተቀብሏት አያውቅም፤ በድርጅቱ ሰርቪስ ነው ቤቷ የምትገባው። እኛ ግን ከክፍለ ሀገር እንደሚመጣ እንግዳ ተቀባይ መርጠን፣ መኪና መድበን ቁጭ ብለናል። ይህን ነገርኳቸው።

የእድሩ ሊቀ መንበር አቶ ሽፈራው ናቸው መላ ያመጡት። «ለሥራ መጥቼ ነው በላት። ጋዜጠኛ የማይገኝበት የለም።»

«እዚያ በር ላይ ካየችኝ ታውቃለች» አልኳቸው። «ብዋሽም ባልዋሽም። ስለዚህ አልዋሽም፤ እነግራታለሁ።»

«ቀድሞ ማውጣት ለምዶብህ እኮ ነው። ይቺ ልጅ ናት እንጂ ዜና አይደለችም።»

ከወዲያ አንዱ ጨካኝ አለኝ። የእርስዎን አደራ ተናገርኩ። እትዬ ገንዘቤ በእጇ ጠቅሳኝ ወደ ጓዳ ገባች፤ ተከተልኳት። ትቆጣኛለች ስል በዝግታ አወራችኝ። እርስዎ ይህን ታሪክ ያውቁት እንደሆነ አላውቅም፤ ለእኔ አዲስ ነበር። ባሏ የሞተ ጊዜ ደሴ ነበር። እሷ ታመመ ብለዋት ልትጠይቀው ላምበረት መናኸሪያ ወርዳ አውቶቡስ ትጠብቃለች። አንድ የሚያውቃቸው ሰው የሰማች መስሎት አጠገቧ መጣና እግዚአብሔር ያጽናሽ አላት።

«አውቶቡሶቹ መካከል ወደቅሁ» አለችኝ። «ስሙን በማላውቀው የጫኝ ክንድ ላይ አለቀስኩ፤ እግዜር ይስጠው ያዘኝ። የእኔ ሰው ግን አልነበረም። ኢስሐቅ በመጽሐፍ የፈለገውን ይፈልግ፤ መርዶ ሰው ይዞ ነው። እድሌን ለብቻዋ አላስወድቃትም።»

ጋሼ ኢስሐቅ፣ ጠዋት ስልኩን ለምን እንደመለስኩት የገባኝ እዚያ ጓዳ ውስጥ ነው። እጄ ከጭንቅላቴ ቀድሞ ያወቀው ነገር ነበር። ብደውል ኖሮ እድላዊት ብቻዋን፣ ሆቴል ውስጥ፣ ዩኒፎርሟን ለብሳ ልትሰማው፣ ከዚያም ለመንገደኛ ሁሉ ፈገግ እያለች ልትበር ነበር። ስሜትን ከመውቀስ ምክንያቱን ፈልጉ ይሉን አልነበረም? እትዬ ገንዘቤ ፍርሃቷ ምክንያት አለው። ልማዳችንም አለው። ሁለት ነገር አንድ ላይ ቋጥሮ ኖሯል፤ ሰውን መያዝንና ሰውን ማታለልን። ቋጠሮው ደግሞ ይፈታል።

«እትዬ፣ አንቺም ነይ» አልኳት። «እኔ እነግራታለሁ፤ አንቺ ትይዣታለሽ።»

እምቢ አለች። እውነት ቀን አይቆጥርም ብዬ ተከራከርኩ፤ አልሰማችኝም። ልጅቱ ዛሬ ከሰማች ከእርስዎ ጋር አንድ ምሽት እንደሚኖራት ነገርኳት፤ ምሽቱ ከሬሳ ጋር ምን ያደርጋል አለች። በመጨረሻ፣ ክርክር ሲያልቅብኝ፣ እድላዊት ስለዚያ ራት የተናገረችውን ነገርኳት። አልሰማችም ኖሯል። ያን ራት በእጇ የሠራችው፣ መሶቡን ያቀረበችው እሷ ናት። በርጩማውን ስባ ተቀመጠች።

«እስከ ዛሬ ይዛዋለች?»

«ይዛዋለች።»

ከበርጩማው ተነሳች። «መኪናህን አስነሳ» አለችኝ።

ስሜትን ክርክር አያሸንፈውም፤ የሚያሸንፈው ሌላ የበረታ ስሜት ነው ብለው ያስተማሩንን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሲጽፉት ጥሩ ዐረፍተ ነገር ብቻ መስሎኝ ነበር። ያን ዕለት ጓዳ ውስጥ ሲሠራ አየሁት። ፍርሃቷን ያሸነፈላት የእኔ አስተዋይነት አይደለም፤ ለልጅቱ ያላት ፍቅር ነው። የአእምሮ ድርሻ መንገዱን ማሳየት ነበር፤ እግሩ ሌላ ነው።

አቶ ሽፈራው ስንወጣ አይተውን ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ግን በሩን የከፈቱልን እሳቸው ናቸው።

መንገድ ላይ እትዬ ገንዘቤ ጥቁር ልብሷን በፌስታል ጭኗ ላይ ይዛ ነበር። ነጠላዋን ገና አላዘቀዘቀችም። የአውሮፕላን ማረፊያው መግቢያ ላይ ወደ እኔ ዞረች።

«ፊቴ ያስታውቃል?»

«ያስታውቃል።»

«ይሁን» አለች።

የበረራ ሠራተኞቹ ሻንጣቸውን እየጎተቱ፣ እየተጫወቱ ወጡ። እድላዊት ቲጂ ከምትባለው ጓደኛዋ ጋር ነበረች። ቲጂ እኛን ስታይ ፈገግታዋ ጠፋ፤ ለእሷ ተነግሯት ነበር፤ ከዱባይ እስከ ቦሌ እንዴት እንደቻለችው አላውቅም። እድላዊት አክስቷን አየች፣ እኔን አየች፣ ቆመች። የሻንጣውን እጀታ አልለቀቀችም።

«አባዬ ነው?»

«አዎ» አልኳት። «ዛሬ ጠዋት አረፉ። ያሉት ቤት ነው። ቀብሩ ነገ ነው።»

የጋዜጣ አነጋገር ነበር፤ ሌላ አላውቅበትም። የመጨረሻውን ቃል ሳልጨርስ እትዬ ገንዘቤ ደርሳ ነበር። በእሷ ዕድሜ ያለ ሰው እንዲያ ይፈጥናል አልልም ነበር። ይዛት ቆመች፤ አብረው አለቀሱ፤ መንገደኛው በግራና በቀኝ እያለፈ ያያቸዋል። ቲጂ ሻንጣውን ከእጇ ወሰደችላት። እኔ ምንም አላደረግኩም፤ የእኔ ሥራ አልቆ ነበር።

መናገር ስትችል የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው። «ነገ ከሆነ፣ ዛሬ አብሬው ልቀመጥ እችላለሁ ማለት ነው?»

ተቀመጠች። የነፍስ አባትዎ መጥተው እስኪገነዙ ድረስ፣ ዩኒፎርሟን ሳታወልቅ፣ ከአጠገብዎ አልተነሳችም። ዝግ ባለ ድምፅ ብዙ ነገር አወራችዎ። በሩ ላይ የቆምኩት እኔ ስለሆንኩ መስማት እችል ነበር፤ አልሰማሁም፤ ብሰማም አልጽፈውም ነበር። ካገሩ ሰው ሁሉ ሙት አይሰማም ብለው ያስተማሩን እርስዎ ነዎት። እሷም ይህን ታውቃለች፤ አወራችዎ። ነጻ ሰው የሚያደርገውን እያወቀ የሚያደርግ ከሆነ፣ በዚያ ቤት ውስጥ ያን ምሽት ከእሷ የበለጠ ነጻ ሰው አላየሁም።

አንድ ነገር ላይ ግን ከእርስዎ እለያለሁ፤ ሳልናገር ባልፍ ቅር ይልዎታል። «በዚያው ሰዓት» ያሉኝን አልፈጸምኩም። ከጠዋት እስከ ከሰዓት አቆየሁት። ይህ ማታለል ነው ይሉኝ ይሆናል። አይደለም። ያቆየሁት እንዳታውቅ አይደለም፤ የሚይዛት ክንድ እስክታገኝ ነው። እርስዎ እውነትን ያስተማሩን ብቻውን የሚሄድ አድርገው ነበር። እኔ አሁን ሰው ይዞ ይሂድ እላለሁ። ይህን የተማርኩት ከእህትዎ ነው፤ እህትዎም አለማታለልን ከእርስዎ ተቀብላለች።

በሰልስቱ፣ ድንኳኑ ሊነሳ ሲል፣ እትዬ ገንዘቤ አስጠራችኝ። ልጆቿን ያውቋቸዋል፤ በረከት ጎንደር ነው፣ ዘርፌ ድሬዳዋ። እድላዊት አጠገቧ ተቀምጣ ሰሀን ትጠርግ ነበር።

«ተካልኝ፣ እኔ ስሞት ለልጆቼ ንገራቸው። ታመመች ምናምን አትበል።»

«እሺ፣ እትዬ።»

«ስልክ እንዳትደውል። ሄደህ ንገራቸው። ሰው ይዘህ።»

«ማንን ልያዝ?»

በአገጯ ወደ ጎኗ አመለከተች። «እሷን።»

እድላዊት ቀና አለች። ሰሀኑን አስቀመጠችና «እሄዳለሁ» አለች።

ጋሼ፣ የእርስዎ አደራ እዚህ ላይ ያበቃል፤ ሌላው ከእኛ ጋር ይቀጥላል። በሰላም ይረፉ።

ተማሪዎ
ተካልኝ
ገርጂ፣ አዲስ አበባ