ያልሸጥከው አክሲዮን

ውድ ወንድሜ፣

ጋራዥህ ተከራይቷል። ከሌላ ሰው ከምትሰማው እኔ ልንገርህ ብዬ ነው፤ ከማን ልትሰማ እንደምትችል ግን እኔም አላውቅም። የገባበት ሰው ጎማ ነጋዴ ነው። ክፉ ሰው አይደለም። ጠዋት የመነጽር ቤቴን ስከፍት "እንደምን አደርክ" ይለኛል፤ እመልስለታለሁ። ከዚያ ወደ ውስጥ ገብቼ እጄን አጣጥፌ ትንሽ እቀመጣለሁ። ሥራ የምጀምረው ከዚያ በኋላ ነው።

የምጽፍልህ ናፍቆቴን ልነግርህ ብቻ አይደለም። ተቀይሜሃለሁ። የሞተን ሰው መቀየም ነውር መሆኑን አውቃለሁ፤ ሌላ መንገድ ግን አጣሁ። ለማንም የማልነግረው ነገር ደረቴ ላይ ተቀምጧል። ብነግረው ቅር የማይለኝ አንተ ብቻ ነህ።

አክሲዮኑን የገዛን ሰሞን ትዝ ይልሃል? ባንኩ ገና ሊቋቋም ነበር። ሽቅርቅር ያሉ ልጆች ቅጽ ይዘው ከሱቅ ሱቅ ይዞሩ ነበር። አንተ ከመኪና ሥር ወጥተህ እጅህን ሳትጠርግ ፈረምክና ወረቀቱ ላይ የግሪስ አሻራህን ተውክበት። ቅጹን የያዘችው ልጅ ፊቷን ስታጨማድድ "ማኅተም ነው፣ አይለቅም" አልካት። ባለዳቦ ቤቷ ጎረቤታችን፣ እህታችን የምንላት፣ እሷም በዚያው ሳምንት ገዛች። አዛውንቱ ጎረቤታችን ጋሼም ጡረታ ሲወጡ የሰጧቸውን እዚያው ላይ አዋሉት። እኔ የመጨረሻው ነበርኩ፤ አንተ ስለገዛህ ገዛሁ። ስለ ባንክ አንዳች የማውቀው ነገር አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ረፋድ የኛ ሆነ። ጋራዥህ ደጃፍ፣ ከሚኒባስ የተነቀለው ያ ረጅም ወንበር ላይ ተደርድረን ስለ አክሲዮናችን እናወራ ነበር። ስለ ልጆቻችን እንኳ ያን ያህል አውርተን አናውቅም። ትርፍ በደረሰን ዓመት ጋሼ ጥርሳቸውን አስተከሉ፤ አንተ ለባለቤትህ ልብስ ማጠቢያ ማሽን ገዛህላት፤ እኔ የዓይን መመርመሪያ መሣሪያዬን ቀየርኩ። ሀብታም ነን ብለን አናውቅም። ብቻ ከኋላችን የሆነ ግድግዳ ያለ ይመስለን ነበር፤ ደገፍ የምንለው።

ድሮ ዋጋውን የምንሰማው ከደላላ አፍ ነበር። የአክሲዮን ገበያው ተከፍቶ ዋጋው ስልካችን ላይ መውጣት ሲጀምር ግን ሰላማችን ሄደ። እህታችን ሊጥ እያቦካች በክርኗ ስልክ ትነካ ጀመር። እኔም ደንበኛዬን ፊደል አስነብቤ "የታችኛውን መስመር ይበሉ" እላለሁ፤ ዓይኔ ግን ስልኬ ላይ ነው። አንድ ሰው ጥቂት አክሲዮን በርካሽ ከሸጠ የሁላችንም ዋጋ በማግስቱ ወርዶ ይገኛል። ያን ጊዜ ነው እርስ በርሳችን ምን ያህል እንደታሰርን የገባን።

ያችን ቅዳሜ አልረሳትም። ጋሼ በሬዲዮ ዜና ያነቡበት በነበረው ድምፃቸው ከስልካቸው ላይ አነበቡልን፦

"የባንኩ የተበላሸ ብድር መጠን በመጣራት ላይ መሆኑን ምንጮች ገለጹ።"

"ምንጮቹ እነማን ናቸው ጋሼ?" አልካቸው።

"ስማቸው አልተጠቀሰም።"

"እንግዲያው ምንጭ አይደለም፤ ፍሳሽ ነው።"

ሳቅን። እህታችን ግን አልሳቀችም። "ቀልዱን ተወውና እንሽጥ ወይስ እንቆይ?" አለችህ።

"ሁላችንም ካሁኑ ለመሸጥ ብንሯሯጥ ዋጋውን የምንጥለው እኛው ነን" አልክ። "ሞተር ድምፅ ስላሰማ ወዲያው መኪናው አይሸጥም፤ መጀመሪያ ይደመጣል። አትሽጡ።"

"ስናዳምጥ ቢቆምስ?" አልኩህ እኔ።

"ያኔ እገፋለሁ። ስገፋ አይደል የኖርኩት?"

ብዙም ሳይቆይ የእህታችን ዳቦ ቤት አከራይ ቤቱን ሊሸጠው ተነሣ። "ለአንቺ ቅድሚያ ሰጥቻለሁ፤ ካልቻልሽ ለሌላ ነው" አላት። ያን ቤት ከለቀቀች ዳቦ ቤት የሚባል ነገር እንደሌላት ሁላችንም እናውቅ ነበር። አክሲዮኗን ልትሸጥ ቆረጠች፤ አንተም "የአንቺ ሌላ ነው፣ ሽጪ" አልካት። አንድ የጨርቅ ነጋዴ ደህና ዋጋ ሊሰጣት ተስማማ። ግን ሰውየው ልክ እንደ ጨርቁ ነገሩን ሲለካና ሲያጥፍ ነው የሚውለው። ዛሬ ነገ እያለ ስልኩን ያያል፤ ዋጋው እንዳልወረደ እያረጋገጠ መሆኑ ነው።

ያን ሰሞን አንተ ጎማ ስታነሣ መሃል ላይ ታቆም ነበር። "ምን ሆንክ?" አልኩህ።

"ዕድሜ ነው።"

"ዕድሜማ እኔም አለኝ።"

"ያንተ በመነጽር የታየ ነው፣ አጉልተኸዋል" አልከኝና ሳቅን። እኔ ምን ዓይነት ሰው ነኝ? የሰው ዓይን ሳይ እውላለሁ፤ ከንፈርህ መጥቆሩን አላየሁም።

ከዚያ ባንኩ መግለጫ አወጣ። የዘንድሮ ትርፍ እንደማይከፋፈል፣ ያበደረው ገንዘብ አብዛኛው ይመለሳል ተብሎ እንደማይጠበቅ ነገረን። የጨርቅ ነጋዴው ስልክ ማንሣት ተወ። እህታችን ሱቁ ድረስ ብትሄድ በሠራተኛው "የለም" አስባላት፤ የነጋዴው ሳል ግን ከጀርባ ይሰማት ነበር። ዋጋው መውረድ ብቻ ሳይሆን ገዢ የሚባል ጠፋ። ቤቱ ለሌላ ሰው ተሸጠ።

ምድጃውን የፈታህላት አንተ ነህ። ብሎኑን ሁሉ በእጅህ አወለቅከው፤ በሩን ተሸክመህ አወጣኸው። እሷ ባዶው ክፍል መሃል ቆማ ግድግዳው ላይ የቀረውን የጥላሸት ቅርጽ ታይ ነበር። አንተ ደረጃው ላይ ተቀምጠህ ፊትህ አመድ መስሎ ነበር። ኀዘን መሰለኝ። ውኃ ሰጠሁህና ትቼህ ሄድኩ።

ሆስፒታል ስትገባ ሐኪሙ ለሁላችንም አስረዳን። የልብህ በር ተበላሽቷል፤ ቀደም ብሎ ቀዶ ሕክምና ቢደረግልህ ትድን ነበር፤ አሁን ልቡ ራሱ ደክሟል፣ አይችለውም አለን። ጋሼ ግድግዳ ተደግፈው ቆሙ። "ለምን ዘገየ?" ብለው ቢጠይቁት ሐኪሙ "እሱን ቤተሰቡን ይጠይቁ" አላቸው። እኛ ደግሞ ባለቤትህን በዚያ ሰዓት ምን ብለን እንጠይቅ?

መጨረሻ ላይ ሳይህ "ስንት ገባ?" አልከኝ በዚያ በተቆራረጠ ድምፅህ።

"ገዢ የለም" አልኩህ።

"ተወው፣ ይተኛ" አልክና አንተም ዓይንህን ጨፈንክ። እጅህን ይዤ ነበር። ወንድም እንደሌለኝ፣ አንተ ወንድሜ እንደሆንክ ልነግርህ አፌን ስከፍት ነርሷ ገባችና ሰዓት አልቋል አለችኝ። እኔም ነገ እነግረዋለሁ ብዬ ወጣሁ።

ሐዘኑ ካለፈ በኋላ ባለቤትህ ሱቄ መጣች። አክሲዮኑ በውርስ ስሟ ላይ ሊዞር ስለሆነ ትሽጥ ወይስ ታቆይ ልታማክረኝ ነበር። ወንበር ሰጠኋት። ቁጭ እንዳለች በድንገት ተናገረች።

"ያኔ ቢሸጠው ኖሮ ይህን አልጠይቅህም ነበር።"

"ያኔ ማን ይገዛው ነበር?" አልኳት።

"ደላላው ሰው ይዞ መጥቶ ነበር እኮ። አልነገረህም? እህታችን ቤቱን ልትገዛ በምትሯሯጥበት ሰሞን። ዋጋው ዝቅ ያለ ነው፤ ግን ለሕክምናው ይበቃ ነበር። ሐኪሙ አትዘግይ ብሎት ነበር።"

"ታዲያ ምን አለ?"

"'በዚህ ዋጋ ከሸጥኩ ነገ ሁሉም ስልክ ላይ ይወጣል። የእሷ ገዢ ያየውና ይሸሻል። መጀመሪያ እሷ ትጨርስ' አለኝ። እግሩ ላይ ወድቄ ለመንኩት። ደላላውን ሻይ ጋብዞ ሸኘው። 'ልቤ ለምዳኛለች፤ ትታገሠኛለች' አለኝ።" ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። "ለእሷ እንዳትነግራት። እንዳይሰማት ብሎ አስምሎኛል። እኔ ግን ብቻዬን አልቻልኩትም።"

እኔም ማልኩላት። ከዚያ ቀን ወዲህ ሁለት ሆነን አልቻልነውም።

የተቀየምኩህ ለዚህ ነው። ሸጠህ ቢሆን እህታችን ቤቱን ታጣ ነበር፤ ሳትሸጥም አጣችው። ነጋዴው የሚሸሽ ሰው ነበር፤ ሸሸ። ባንኩ የሚወድቅ ነበር፤ ወደቀ። አንተ መሃል ላይ ቆመህ የማይያዝ ነገር ልትይዝ ሞከርክ። ለምን አልነገርከኝም? የኔን አክሲዮን በተገኘው ዋጋ ጥዬ፣ መሣሪያዬን ሸጬ አሳክምህ ነበር። እንደማደርገው ስለምታውቅ ነው አይደል ያልነገርከኝ?

እህታችን አሁን መኖሪያዋ ውስጥ በትንሽ ምድጃ ትጋግራለች፤ ማታ ማታ ጥግ ላይ ቆማ ትሸጣለች። ባለፈው ዳቦ ልገዛ ቆሜ ሳለ ጋሼም ደረሱ። ባንኩ ከሌላ ባንክ ጋር ሊዋሃድ ነው ይሉ ጀመር፤ ድምፃቸው እንደ ድሮው አይደለም። እሷ ሳንቲም እየመለሰችልኝ አቋረጠቻቸው።

"ነፍሱን ይማረውና፣ እሱ ያን ቅዳሜ አትሽጡ ባይለን ኖሮ ዛሬ ዳቦ ቤቴ ውስጥ ነበርኩ።"

ጋሼ "እሱስ እውነት ነው" አሉ።

እውነቱ ምላሴ ጫፍ ላይ ደረሰ። ዋጥኩት።

"ምነው ፊትህ ተለዋወጠ?" አለችኝ።

"ዓይኔን ነው" አልኳት፤ መነጽር ሻጩ እኔ።

ዳቦውን ይዤ ሄድኩ። እንግዲህ እንዲህ አድርገው ነው የሚያስታውሱህ። እውነቱን ብነግራቸው ይህች ሴት ዳቦ መጋገር ቀርቶ መቆምም አትችልም። ዝም ብል ደግሞ ስምህ በሄድኩበት ሁሉ እንዲህ ሲነሣ እየሰማሁ ልኖር ነው። ዝምታውን መርጫለሁ። ትክክል ስለሆነ አይደለም፤ አንተ ስለፈለግከው ነው።

ባለቤትህን ሽጪው አልኳት። አንተ ብትኖር እኔን ምክር የሚጠይቀኝ ሰው አልነበረም። ደላላው ቀድሞ ያመጣልህን ገዢ እንደገና ፈልጎ አመጣው፤ አሁን የከፈላት ያኔ ሊከፍልህ ከነበረው ጋር የሚወዳደር አይደለም። ስትፈርም አብሬያት ነበርኩ። ጸሐፊዋ የሟችን ስም ስትጠራ ሁለታችንም "አቤት" ማለት አቃተን፤ ደግማ ጠራችው።

የሚያጽናና ነገር ልጽፍልህ ፈልጌ ነበር። ይኸው ወረቀቱ ሊያልቅ ነው፤ አላገኘሁም። ሰው እውነቱን ቢያውቅ ወዳጆቹን ያልሸጠ ጀግና ነው እያለ ያወድስህ ነበር። እኔን ውዳሴው አይጠቅመኝም። ጎማ ቤቱ በር ላይ አንተ ቆመህ፣ እኛም ሁላችን ከስረን፣ እህታችንም ተቀይማህ፣ እኔም ለሰላምታ አፌን ላልከፍትልህ ምዬ ብታገኘኝ ይሻለኝ ነበር።

ምነው በሸጥከን።

ጎረቤትህ፣ ባለመነጽር ቤቱ